መንግሥት መዘገበ፣ ኩባንያው ግን ማንን ተቀበለ? በሰሜን ሮዴሽያ የመዳብ ማዕድናት የሠራተኛ ማኅበር ዕውቅና

ብራና (የክሩ ከፋች)

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ባለፈው ሰሞን በሌላ ክር ላይ አንድ ተሳታፊ «እንግሊዞች በቅኝ ግዛቶቻቸው የሠራተኛ ማኅበርን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ፈቅደው ነበር» ብለው ሲጽፉ ተመልክቼ፣ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ውይይት ይገባዋል በማለት ይህን ክር ከፍቻለሁ። አባባሉ በወረቀት ላይ ያለውን ካየን ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ማኅበር በሕግ መፈቀዱ፣ በመንግሥት መዝገብ መስፈሩና አሠሪው ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚደራደረው መሆኑ ለየቅል ናቸው። በሰሜን ሮዴሽያ፣ ማለትም በዛሬዋ ዛምቢያ፣ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ለመድረስ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ፈጅቷል፤ በመካከሉም የሰው ሕይወት ጠፍቶበታል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ከለንደን ይጀምራል። በ1930 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሎርድ ፓስፊልድ ለየአገረ ገዥዎቹ በላኩት ደብዳቤ፣ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት ወንጀል ሆኖ እንዳይቆጠር፣ ነገር ግን ማኅበራቱ በግዴታ እንዲመዘገቡና በመንግሥት በጎ ክትትልና ምሪት ሥር እንዲያድጉ አሳሰቡ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ ማኅበራቱ ያለ መሪ ከተተዉ መንግሥትን በሚቃወሙ ሰዎች እጅ ይወድቃሉ የሚል ስጋት ነበራቸው። አብዛኞቹ አገረ ገዥዎች በደብዳቤው ላይ ለዓመታት ምንም ሳያደርጉ ቆዩ። በ1930ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ የካሪቢያን ደሴቶች በአድማና በብጥብጥ ከተናወጡ በኋላ፣ በተለይም በ1937 በትሪኒዳድ የነዳጅ ማውጫ ሠራተኞች ከተነሡ ወዲህ፣ ለንደን አሳቧን አጠነከረች። በ1940 የወጣው የቅኝ ግዛቶች የልማትና የደኅንነት ሕግ፣ ከእንግሊዝ ግምጃ ቤት የልማት ገንዘብ የሚፈልግ ግዛት ለሠራተኛ ማኅበራት ተገቢ ሕግ እንዲኖረው ቅድመ ሁኔታ አደረገ። ከዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ይህ ሁሉ ስለ ሕግና ስለ ምዝገባ እንጂ አሠሪው ማኅበሩን የመቀበል ግዴታ ስላለበት የሚናገር አለመሆኑን ነው።

አሁን ወደ መዳቡ አገር እንሂድ። በሉዋንሺያ የሮአን አንቴሎፕ፣ በኪትዌ የንካና፣ በሙፉሊራና በቺንጎላ የሚገኙት ማዕድናት በሁለት የኩባንያ ቡድኖች እጅ ነበሩ። አፍሪካዊው ሠራተኛ የሚኖረው በኩባንያው ካምፕ ውስጥ ሲሆን፣ ቤቱንም ራሽኑንም የሚያገኘው ከኩባንያው ነው፤ ደመወዙ የሚታሰበውም 30 ፈረቃ የሠራበት ካርድ ሲሞላ ነበር። ኩባንያው ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር የሚነጋገርበት መንገድ አስፈለገው። ሮአን አንቴሎፕ በ1931 መላ አገኘ፤ ከየጎሳው ሽማግሌዎች ተመርጠው በካምፑ አስተዳዳሪና በሠራተኛው መካከል እንዲቆሙ አደረገ። ሽማግሌዎቹ የባልና ሚስት ጠብ ያስታርቃሉ፣ እንግዳ ያስተናግዳሉ፣ የኩባንያውን መልእክት ለወገናቸው ያደርሳሉ። በዚህ ሥራቸው የተከበሩ ሰዎች ነበሩ።

በግንቦት 1935 መንግሥት በማዕድን አካባቢዎች የነፍስ ወከፉን ግብር በዓመት ከ12 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ወደ 15 ሽልንግ ከፍ አደረገ። ሙፉሊራ ሥራ አቆመች፣ ንካና ተከተለች፣ ከዚያም ሉዋንሺያ። በሉዋንሺያ ሕዝቡ በካምፑ ቢሮ ዙሪያ ተሰበሰበ፤ ፖሊስ ተኩሶ 6 ሰዎች ገደለ። በዚያች ሰዓት የሠራተኛው ወኪሎች ናቸው የተባሉት ሽማግሌዎች የት ነበሩ? ከሕዝቡ ቁጣ ሸሽተው በዚያው በካምፑ ቢሮ ውስጥ ተጠልለው ነበር። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ለማንም አያስፈልግም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ኩባንያዎቹም መንግሥቱም የወሰዱት ትምህርት ሌላ ሆነ።

በመጋቢት 1940 ቀድመው አድማ የመቱት ነጮቹ የማዕድን ሠራተኞች ነበሩ፤ የጠየቁትን ጭማሪም አገኙ። የነጮቹ ማኅበር በ1936 ተመሥርቶ በ1937 በኩባንያዎቹ ዘንድ ዕውቅና አግኝቶ ስለ ነበር የሚደራደርላቸው አካል ነበራቸው። አፍሪካውያኑ ይህን አይተው ወዲያው ተከተሉ። በሙፉሊራ አድመኞቹ ራሳቸው 17 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ መርጠው፣ ሥርዓት አስከብረው፣ ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋገሩ። በንካና ግን በሚያዝያ 3 ቀን በካምፑ ቢሮ ፊት ግርግር ተነሣ፤ ወታደሮች ተኮሱ፣ 17 ሰዎች ሞቱ፣ በርካቶችም ቆሰሉ። ጉዳዩን የመረመረው የፎርስተር ኮሚሽን አፍሪካውያኑ ለሠራተኛ ማኅበር ገና አልደረሱም በሚለው አስተሳሰብ ጸንቶ፣ የጎሳ ወኪሎች ሥርዓት በሁሉም ማዕድናት እንዲስፋፋ ሐሳብ አቀረበ። በሙፉሊራ የተመረጠው ኮሚቴ በዓይን የታየ ነገር ሆኖ ሳለ ሽማግሌዎቹ ተመረጡ።

አፍሪካውያኑ የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት በ1948 ሲሆን፣ የየማዕድኑ ማኅበራት በ1949 ተዋሕደው በሎሬንስ ካቲሉንጉ መሪነት የአፍሪካውያን ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ኩባንያዎቹ ዕውቅና ሰጡ። ነጮቹ ከታወቁ ዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ማኅበሩ በ1952 ሦስት ሳምንት የዘለቀ፣ አንድም ጥይት ያልተተኮሰበት አድማ መርቶ በግልግል ጭማሪ አስገኘ። በ1953 ደግሞ የጎሳ ወኪሎች ሥርዓት ይቅር ወይስ ይቀጥል በሚለው ላይ ሠራተኛው በምስጢር ድምፅ እንዲሰጥ ተደረገ። እጅግ የሚበዛው ሠራተኛ ይቅር አለ፤ ሥርዓቱም ቀረ።

የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ኩባንያውም መንግሥቱም የሠራተኛ ወኪል መኖሩን አልጠሉም፤ እንዲያውም ወኪል ይፈልጉ ነበር። የተጣሉት ሠራተኛው ወኪሉን ራሱ የመምረጡ ነገር ላይ ነው። ከታሪኩ የሚቀረው ሌላው ክፍል፣ ማለትም በ1955 ለሌላ ማኅበር የተሰጠው ዕውቅናና በ1956 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ይህንኑ የሚያጸና ይመስለኛል። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የእናንተን አስተያየት መስማት እወዳለሁ።

ሕግ አጥኚ

ብራና፣ ክሩን ስለ ከፈቱ አመሰግናለሁ። በመሠረቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ምዝገባን ከዕውቅና ያነሰ፣ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አድርገው ያቀረቡት መስሎ ስለ ተሰማኝ በዚያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር።

በግዴታ የሚደረግ ምዝገባ መዝጋቢው እንቢ የማለት ሥልጣን ካለው ራሱ የመምረጫ መሣሪያ ይሆናል። የኬንያን ጉዳይ ይመልከቱ። በግንቦት 1 ቀን 1949 ማካን ሲንግና ፍሬድ ኩባይ የምሥራቅ አፍሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስን በናይሮቢ አቋቋሙ። ኮንግረሱ የእስያና የአፍሪካ ተወላጆችን በአንድ ድርጅት ያሰባሰበ፣ የከተማውን ሠራተኛ በየሙያው ሳይከፋፍል የሚያንቀሳቅስ ነበር። መንግሥት አልመዘግብም አለ። በግንቦት 1950 ሁለቱም መሪዎች ሲታሰሩ ናይሮቢ ሥራ አቆመች፤ አድማው በብዙ ፖሊስና ወታደር ኃይል ተበተነ። ማካን ሲንግ ከዚያ ወዲያ እስከ ጥቅምት 1961 ድረስ ከዐሥራ አንድ ዓመት በላይ ያለ ነጻነት በግዞት ቆዩ። እርሳቸው በሕግ የተፈረደባቸው የእስር ዘመን ኖሯቸው አልነበረም፤ የታገዱት በአገረ ገዥው ትእዛዝ ነው። በ1952 የተቋቋመውን አዲስ የማኅበራት ፌዴሬሽን ግን መንግሥቱ ታገሠው፤ ቶም ምቦያ ኋላ ላይ የመሩት እርሱን ነው።

ምቦያን ለማሳነስ ይህን አልጽፍም፤ በ1955 በሞምባሳ ወደብ ለሠራተኞቹ ያስገኙት ጭማሪ የታወቀ ነው። ነገር ግን በመዝገብ ጽሕፈት ቤቱ ያለው ሰው አንዱን ማመልከቻ ተቀብሎ ሌላውን ሲመልስ፣ አሠሪው ከማን ጋር እንደሚደራደር አስቀድሞ ተወስኗል ማለት ነው። ስለዚህ የፓስፊልድ ደብዳቤ የመጀመሪያው የዕውቅና ሰነድ ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያው የማጣሪያ ሰነድም ነው እላለሁ።

የቀድሞ ተጠሪ

ውይይቱን በጥሞና ተከታተልኩ። እኔ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ በአዲስ አበባ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት በሽመና ክፍል የሠራሁ፣ በኋላም የሠራተኛው ተጠሪ የነበርኩ ሰው ነኝ። ስለ ጎሳ ሽማግሌዎቹ የተጻፈውን ሳነብ የመጣልኝን ልናገር።

በፋብሪካችን ማኅበር ለማቋቋም ስንንቀሳቀስ አስተዳደሩ አልከለከለንም። ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ራሱ መርጦ «የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ» የሚባል አቋቋመና በየወሩ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሻይ እየተቀዳ ስብሰባ ይደረግ ጀመር። ከሽመና ክፍል የተመረጡት ጋሼ የምንላቸው የዕድሜ ባለጸጋ ካቦ ነበሩ። ቅን ሰው ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ፣ ዕቁብ ሲጣላ የሚያስታርቁ። ነገር ግን በቃለ ጉባኤው ላይ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ካፍቴሪያ ወጥ ይጻፋል እንጂ ስለ ፈረቃ አበልና ስለ ሕመም ፈቃድ አንድ መስመር አልሰፈረበትም። አንድ ቀን ለምን የደመወዙን ነገር አያነሡም ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔን የሾመኝ እርሱ ነው፤ በምን አፌ?» አሉኝ። ይህን ሲሉ አፍረው ነበር፤ እኔም ከዚያ ወዲህ አልተቀየምኳቸውም።

ስለዚህ በሉዋንሺያ ወደ ቢሮ የሸሹትን ሽማግሌዎች እንደ ከዳተኛ እንዳናያቸው እለምናለሁ። ሰውን ከሠራተኛው ያራቀው ጠባዩ ሳይሆን ሹመቱ የመጣበት በር ነው። ብራና፣ በ1953 በተሰጠው ድምፅ ሠራተኞቹ ሽማግሌዎቹን ጠልተው ነበር ወይስ ሥርዓቱን?

ብራና

የቀድሞ ተጠሪ፣ ስለ ምስክርነትዎ እጅግ አመሰግናለሁ። የጠየቁት ጥያቄ ቁልፍ ነው። ሠራተኞቹ የሻሩት ሥርዓቱን ነው። ሽማግሌዎቹ በትዳር፣ በለቅሶና በአገር ቤት ጉዳይ የነበራቸው ክብር ወዲያው አልጠፋም፤ በካምፑ ውስጥ ብዙ ሰው በእነዚህ ጉዳዮች ወደ እነርሱ ይሄድ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ግን ቤምባም ሎዚም ከኒያሳላንድ (ከዛሬዋ ማላዊ) የመጣውም በአንድ ፈረቃ፣ በአንድ ካቦ ሥር፣ በአንድ የደመወዝ መደብ ይሠራል። የደመወዝ መደቡ ጎሳ የለውም። ኩባንያው ሠራተኛውን በመጣበት መንደር ሲያደራጀው ሠራተኛው ራሱን በሥራው አደራጀ፤ ልዩነቱ ከዚህ ይመነጫል።

ሕግ አጥኚ ያነሡትን የኬንያ ጉዳይ እቀበላለሁ፤ የምዝገባን ክብደት አሳንሼ ጽፌ ከነበረ አሁን ሚዛኑ ተስተካክሏል። አንድ ልዩነት ግን ልጠቁም። በኬንያ መንግሥቱ በምዝገባ በኩል አጣራ፤ በመዳቡ አገር ማኅበሩ ተመዘገበም ታወቀም፣ ማጣሪያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰላም ዘአራዳ

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ውይይቱ ዕውቅናን እንደ ድል ብቻ እያየው ነው ብዬ ስለማስብ ተቃውሞዬን በግልጽ ላቅርብ።

የ1949ኙ ዕውቅና ከሠራተኛው ግፊት ብቻ አልመጣም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የነጮቹ ማኅበር መሪ ብራያን ጉድዊን አፍሪካውያኑን በራሱ ማኅበር ጥላ ሥር ለማስገባት ሙከራ ጀምሮ ነበር። ይህ ኩባንያዎቹንም መንግሥቱንም አስደነገጠ። በ1947 የእንግሊዝ የሌበር መንግሥት ዊልያም ኮምሪ የተባሉ ልምድ ያላቸው የሠራተኛ ማኅበር ሰው ላከ፤ እርሳቸውም አፍሪካውያኑ ለብቻቸው እንዲደራጁ ረዱ። ይኸውም ማኅበሩ ሲወለድ አዋላጁ የመንግሥት ተቀጣሪ ነበር። ለነጩና ለጥቁሩ ሁለት ማኅበር መኖሩ ለኩባንያዎቹ የተመቸ ነበር፤ ለነጮቹ የተጠበቁት የሥራ መደቦች ለአፍሪካዊው ለብዙ ዓመታት ዝግ ሆነው ቆይተዋል።

ውጤቱንም እንመልከት። በ1953 ሁለቱን ሮዴሽያዎችና ኒያሳላንድን የሚያጣምረው፣ አፍሪካውያኑ የተቃወሙት የመካከለኛው አፍሪካ ፌዴሬሽን ሊመሠረት ሲል የሰሜን ሮዴሽያ የአፍሪካውያን ኮንግረስ መሪ ሃሪ ንኩምቡላ በሚያዝያ መጀመሪያ ሁለት የጸሎት ቀናት እንዲደረጉ፣ ያም ማለት ሥራ እንዲቆም ጥሪ አቀረቡ። ካቲሉንጉ ማዕድን ሠራተኞቹን ከዚህ ጥሪ አራቋቸው፤ መዳቡ ሳይቋረጥ ወጣ። ፌዴሬሽኑም ተመሠረተ። ዕውቅና ያለው ማኅበር የሚያጣው ነገር ስላለው ይጠነቀቃል፤ ቢሮው፣ የድርድር ጠረጴዛው፣ የመዋጮ አሰባሰቡ ሁሉ በአሠሪው መልካም ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። ዕውቅና መስጠትስ መግራት አይደለምን? ካቲሉንጉ በ1960 እንግሊዝ የፌዴሬሽኑን ጉዳይ እንዲመረምር ባቋቋመችው በሞንክተን ኮሚሽን አባል ሆነው መቀመጣቸውን ሠራተኞቹ ይቅር አላሉም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከፕሬዚዳንትነታቸው ወረዱ።

ነዋሪነቱ ካርቱም የነበረ

የእኅታችንን የሰላምን ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ የሚመልስ አንድ ምሳሌ ከሱዳን ላምጣ። ካርቱም በኖርኩበት ዘመን ወደ አትባራ የሄድኩት በባቡር ነበር። ከተማዋ ከእኛው ተከዜ የሚመጣው ውኃ በአትባራ ወንዝ በኩል ከዓባይ ጋር የሚገናኝባት ናት፤ ከእርሷ ግን ሰው የሚያስታውሰው ወንዙን ሳይሆን የባቡር ወርክሾፑን ነው። በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አስተዳደር ዘመን ትልቁ አሠሪ የመንግሥት ባቡር ስለ ነበር፣ በዚያ አሠሪውና መንግሥቱ አንድ አካል ነበሩ። ብራና በሁለት የከፈሉት ዕውቅና በአትባራ አንድ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

በ1946 የአትባራ ባለሙያዎች የሠራተኞች ጉዳይ ማኅበር መሠረቱ፤ ሱለይማን ሙሳ፣ አል ጠይብ ሐሰንና ቃሲም አሚን ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። የባቡሩ አስተዳደር ማኅበሩን ትቶ የወርክሾፕ ኮሚቴዎች እንዲመረጡ ሐሳብ አቀረበ። ኮሚቴዎቹ የሚያማክሩ እንጂ የሚደራደሩ አልነበሩም። ሠራተኞቹ ይህን ዓይነቱን ኮሚቴ አንቀበልም አሉ። በሐምሌ 1947 ማኅበሩ እንዲታወቅ ወደ ባቡሩ ዋና መሥሪያ ቤት በሰልፍ ሄዱ፣ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ባቡር በመላ አገሪቱ ቆመ። አድማው ዐሥር ቀን ያህል ከቆየ በኋላ የሱዳን ታላላቅ ሰዎች አስታራቂ ሆነው ገብተው መንግሥት ማኅበሩን ለመቀበል ተስማማ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በደመወዝ ምክንያት 33 ቀን የዘለቀ አድማ አደረጉ። የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሕጉ ዕውቅናን አላመጣም፤ ዕውቅናው ሕጉን አመጣ።

ወደ ሰላም ነጥብ ልመለስ። የአትባራው ማኅበር ከታወቀ በኋላም አልተገራም። በ1950 የተቋቋመው የሱዳን ሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ነጻነትን በይፋ ከጠየቁት አንዱ ነበር። መንግሥት የየመሥሪያ ቤቱን ማኅበር ሲቀበል ፌዴሬሽኑን ግን በሕግ አላወቀውም፤ ሆኖም አድማ በተጠራ ቁጥር የሚያናግረው እርሱኑ ነበር። እንግዲህ የሚገራው ዕውቅናው ሳይሆን ዕውቅናው የተገኘበት መንገድ ይመስለኛል። አዋላጁ መንግሥት የሆነ ማኅበርና መንግሥትን በአድማ ያስገደደ ማኅበር እኩል አይጠነቀቁም።

ሰላም ዘአራዳ

ስለ አትባራ የጻፉት አሳማኝ ነው፤ ኮሚቴውን አንቀበልም ማለታቸው በተለይ። ግን በመዳቡ አገር የሠራተኛው አቅም ያነሰ አልነበረም፤ በ1940 በሙፉሊራ ያለ ማንም ረዳት ተደራጅተው ነበርና። የኮምሪ መምጣት ያንን አቅም አቀላጠፈው ወይስ አቅጣጫውን አስቀየረው የሚለው ጥያቄዬ እንዳለ ነው።

ዘወንጂ

ይቅርታ እየጠየቅሁ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እኛ ቅኝ ግዛት ስላልነበርን ይህ ነገር በእኛ አገር እንዴት ነበር? ከዚህ ክር ጉዳይ ጋር ለማነጻጸር ያህል ነው።

ሕግ አጥኚ

በአጭሩ ልመልስ፣ ከጉዳዩ እንዳንወጣ። የ1955ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 በማኅበር መደራጀትን ፈቅዶ ነበር፤ የሚሠራበት ሕግ ግን እስከ 1962 ድረስ አልወጣም። በዚያ መካከል ሠራተኛው አልተቀመጠም፤ በድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች ከሕጉ አስቀድመው በ1940ዎቹ ተደራጅተው ነበር፣ እርስዎ በስምዎ ያስታወሷት ወንጂም ቀደም ካሉት አንዷ ናት። ከ1962ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ድንጋጌ በኋላ በ1963 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር፤ የቤት ሠራተኞችና የመንግሥት ተቀጣሪዎች ከሕጉ ውጭ ነበሩ። ከቅኝ ግዛቶቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ሕጉ አሠሪው ከተመዘገበ ማኅበር ጋር በቅን ልቡና እንዲደራደር ግዴታ ጣለ። በሰሜን ሮዴሽያ ሕግ እንዲህ ያለ ግዴታ ስላልነበረ ኩባንያዎቹ የሰጡትን ዕውቅና መልሰው ማጥበብ ችለዋል። ብራና ይህን ቢያብራሩልን።

ብራና

አመሰግናለሁ፤ ሕግ አጥኚ ትክክለኛውን በር ከፈቱልኝ። የሰላምንም ጥያቄ አብሬ ለመመለስ እሞክራለሁ።

በጥር 1955 ማኅበሩ ለሁሉም አፍሪካዊ ሠራተኛ የሚሆን ትልቅ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ 58 ቀን የቆየ አድማ አደረገ። ኩባንያዎቹ አድመኞቹን አሰናብተው አዳዲስ ሠራተኛ መቅጠር ጀመሩ፤ አድማው ያለ ውጤት ቆመ። በዚህ ጊዜ ኩባንያዎቹ አፍሪካውያንን ወደ ላቀ የሥራ መደብ የማሳደግ ዕቅድ ይዘው ነበር። ዕቅዱ በራሱ ሠራተኛው ሲጠይቀው የነበረ ነው። አደጋው በአፈጻጸሙ ነበር። ከፍ ያለ መደብ ያገኘው ሠራተኛ በወር ደመወዝ የሚከፈለው «ስታፍ» ይባላል፤ ስታፍ የሆነ ሰው ደግሞ ከአፍሪካውያን ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ወጥቶ ኩባንያዎቹ በ1955 ዕውቅና በሰጡት በሌላው፣ በአፍሪካውያን ስታፍ ማኅበር በኩል ብቻ ይወከላል። ካቦዎቹ፣ ጸሐፊዎቹ፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁት፣ የማኅበሩን ቅርንጫፍ የሚመሩት ሰዎች ባብዛኛው በዚህ መደብ ውስጥ የሚገቡ ነበሩ። እድገቱን የተቀበለ ማኅበሩን ይለቃል፤ ማኅበሩን የመረጠ እድገቱን ያጣል። የቀድሞ ተጠሪ ስለ ጋሼ ካቦው የጻፉትን እዚህ ላይ ሳላስታውስ አላልፍም፤ በ1931 ኩባንያው ወኪሉን ከጎሳ ሽማግሌ ፈለገ፣ በ1955 ደግሞ ከካቦው።

ማኅበሩ በ1956 በየማዕድኑ እየተፈራረቀ በሚካሄድ አጭር አድማ ይህን ተቃወመ። ዛሬ ሮአን አንቴሎፕ ይቆማል፣ በማግሥቱ ሙፉሊራ። የእግር መከላከያ አንለብስም እያሉ ሥራውን በየዘርፉ ያስተጓጉሉ ነበር። በመስከረም 1956 መንግሥት የመዳቡ ማዕድናት ባሉበት በምዕራቡ ክፍለ ሀገር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጆ ዋና ጸሐፊውን ማቲው ንኮሎማን ጨምሮ በርካታ የማኅበሩን መሪዎች ያዘ፤ ከማዕድን አካባቢም አራቃቸው። ካቲሉንጉ በወቅቱ ከአገር ውጭ ስለ ነበሩ አልተነኩም፤ ሲመለሱ ያገኙት ለዘብተኞቹ የቀሩበትን ማኅበር ነው።

እንግዲህ ለሰላም፦ ኮምሪ አቅጣጫውን ለማስቀየር መላካቸው እውነት ነው፤ ማኅበሩ ግን የላኩት ሰዎች እንዳሰቡት ሆኖ አልቀረም። የተገራ ማኅበር ቢሆን ኖሮ በ1956 መሪዎቹን ለመልቀም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባላስፈለገ ነበር። በሌላ በኩል የካርቱሙ ወዳጃችን የተናገሩት ልክ ነው፤ በአትባራ ዕውቅናው በአድማ ጉልበት ተወስዷልና መልሶ ማጥበብ ከባድ ነበር። በመዳቡ አገር ዕውቅናው በስምምነት የተሰጠ፣ በሕግ ግዴታ ያልታሰረ ስለ ነበር ኩባንያዎቹ ከማኅበሩ አጠገብ ሌላ ማኅበር በማቆም ብቻ ሊያመክኑት ሞከሩ።

የቀድሞ ተጠሪ

የስታፉ ማኅበር ነገር በጣም አሳዘነኝ። ከሁለቱ ማኅበራት የኋለኛው መጨረሻው ምን ሆነ? ነጻነት ሲመጣስ አንድ ሆኑ?

ብራና

አንድ ሆኑ፣ ግን ዘግይተው። የስታፉ ማኅበር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስሙን ለውጦ የተባበሩት ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ተባለ፤ ዛምቢያ በጥቅምት 1964 ነጻ ስትወጣ ሁለቱ ገና ይፎካከሩ ነበር። አዲሱ መንግሥት በ1965 በወጣው ሕግ የዛምቢያ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስን አቋቋመና ማኅበራት ለመዋሐድም አድማ ለመጥራትም የኮንግረሱን ፈቃድ እንዲያገኙ ደነገገ፤ ሕግ አጥኚ ስለ ምዝገባ ያሉት በነጻነትም ዘመን ሥራ አልፈታም ማለት ነው። ይህም ሆኖ በ1966 ማዕድን ሠራተኞቹ ከማኅበሩ አመራር ፈቃድ ውጭ ትልቅ አድማ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ የተሰየመው የብራውን ኮሚሽን የነጩንና የጥቁሩን የደመወዝ መሰላል አንድ ላይ አምጥቶ ተመለከተ። በ1967 ተፎካካሪዎቹ ማኅበራት ተዋሕደው የዛምቢያ ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሆኑ፤ በጉድጓድ የሚወርደውም በቢሮ የሚሠራው ስታፍም ከዚያ ወዲያ በአንድ ማኅበር ተወክለው ለድርድር ተቀመጡ።